ሳይንፌልድ እና የቻይና ምግብ ቤቱ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሦስት ጓደኛሞች ራት ለመብላት ጠረጴዛ ይጠብቃሉ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ ሰብስቤዋለሁ፤ ዓመቶቹ ሌላ ካላልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«የቻይና ምግብ ቤቱ» የሚባለው የትኛው ክፍል ነው?

የአሜሪካው ሲትኮም (አስቂኝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ) የ«ሳይንፌልድ» ሁለተኛ ሲዝን 11ኛ ክፍል ነው። ከመጀመሪያው ከቆጠራችሁ 16ኛው። የጻፉት የሲትኮሙ ፈጣሪዎች ላሪ ዴቪድ እና ጄሪ ሳይንፌልድ ናቸው፤ ዳይሬክተሩ ቶም ቼሮንስ ነው። በኤንቢሲ ቴሌቪዥን የታየው ሐሙስ ማታ፣ ሜይ 23 ቀን 1991 ነው።

በእኛ ግንቦት 15 ቀን 1983 መሆኑ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ከአገር ከወጡ ሁለት ቀን ሆኗል። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶታል። ዘመቻ ሰሎሞን የተጀመረው በማግስቱ ነው። እና «ያኔ ሲወጣ አይተኸው ነበር?» ስትሉኝ ሳቄ ይመጣል። በዚያ ሳምንት እኛ አገር ሰው የሚጠብቀው ጠረጴዛ አልነበረም።

ሳይንፌልድን አይቼ አላውቅም። ከዚህ ብጀምር ይገባኛል?

በደንብ። ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነው። ጄሪ ኮሜዲያን ነው፤ የሚጫወተውም ኮሜዲያኑ ጄሪ ሳይንፌልድ ራሱ ነው። ጆርጅ (ጄሰን አሌክሳንደር) የቆየ ጓደኛው ነው፤ በትንሽ ነገር የሚበግን፣ ሁልጊዜ የተበደለ የሚመስለው ሰው። ኢሌን (ጁሊያ ሉዊ ድሬይፈስ) ድሮ የጄሪ ፍቅረኛ ነበረች፤ ተለያዩና ጓደኛ ሆነው ቀሩ። ቦታው ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ነው። በቃ።

ሲትኮሙ ከ1989 እስከ 1998 ዘጠኝ ሲዝን፣ 180 ክፍል ሄዷል። ኔትፍሊክስ ላይ የገባው በኦክቶበር 2021 ነው። የመጀመሪያውን ሲዝን ብትዘሉት አልቀየማችሁም፤ አምስት ክፍል ብቻ ነው፣ ያኔ ገና ዳዴ ይሉ ነበር።

ታሪኩ ምንድን ነው?

ጄሪ፣ ጆርጅ እና ኢሌን ሲኒማ ሊገቡ ነው። ከዚያ በፊት ፈጠን ያለ ራት ለመብላት አንድ የቻይና ምግብ ቤት ጎራ ይላሉ። ቦታ አላስያዙም። በሩ ላይ መዝገብ ይዞ የቆመው ብሩስ «አምስት፣ አስር ደቂቃ» ይላቸዋል። ይጠብቃሉ። ሄደው ይጠይቁታል። «አምስት፣ አስር ደቂቃ።» አሁንም ይጠብቃሉ። የሌላ ሰው ስም ይጠራል፣ ሌላ ሰው ይገባል፤ እነሱ እዚያው ናቸው። ካሜራውም ከነሱ ጋር ቆሞ ይጠብቃል። ትዕይንቱ አይዘልም፣ «ከአንድ ሰዓት በኋላ» የሚል ነገር የለም። እነሱ ሃያ ደቂቃ ሲቆሙ እናንተም ሃያ ደቂቃ ቆማችኋል።

ሦስቱም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ኢሌን ርቧታል፤ ርቧታል ስል ዓይኗ ሰው ሳህን ላይ ተተክሏል። ጆርጅ ታቲያና የምትባል ሴት ጋ መደወል አለበት፣ የሳንቲም ስልኩን ግን አንድ ሰውዬ ይዞት አይለቅም። ጄሪን ደግሞ አንዲት ሴት ሰላም ትለዋለች፤ ማን እንደሆነች ጠፍቶበታል። በኋላ ትዝ ሲለው ላብ ያጠምቀዋል። የአጎቱ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። ለአጎቱ ደግሞ «ዛሬ አሞኛል» ብሎ ራት ቀርቶበታል።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ልጅቷ ለአጎት፣ አጎት ለእናት፣ እናት ለቀረው ዘመድ። ጄሪ የስልኩን ሰንሰለት በቃሉ ያውቀዋል።

ጆርጅ ታቲያናን ለማግኘት ለምን እንዲህ ይጨነቃል?

ባለፈው ቤቷ ነበር። ነገሩ ወደ ፍቅር ሲሄድ ሆዱ ይገለበጣል። መታጠቢያ ቤቷ ደግሞ ጠባብ ናት፣ እዚያው አልጋው አጠገብ፤ ድምፅ አትደብቅም። ስለዚህ ጆርጅ የመረጠው ጥሏት መውጣትን ነው። እሷ ምን እንደነካው አታውቅም። ዛሬ የሚደውለው ነገሩን ሊያስተካክል ነው።

ስልኩ አልለቀቅ ሲለው የሚጮኸው ነገር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ «የምንኖረው እኮ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው!» እኔን የሚያስቀኝ ቃሉ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ስልክ እንዲለቅ ለማድረግ ሥልጣኔን በሙሉ ምስክር መጥራቱ ነው።

«ካርትራይት» ማን ነው?

ማንም አይደለም። ጆርጅ ስልኩን ሲያገኝ ታቲያና ቤት የለችም። ወደ ምግብ ቤቱ እንድትደውል መልእክት ይተውላታል። የጆርጅ የቤተሰብ ስም ኮስታንዛ ነው። ስትደውል ግን ብሩስ የሚጣራው «ካርትራይት! ካርትራይት!» እያለ ነው። ማን አቤት ይበል? በኋላ ጆርጅ ሲጠይቀው ብሩስ ያለምንም ጸጸት ያስረዳዋል፦ ጠራሁ፣ ማንም አልመጣም፣ ዘጋሁት።

ኮስታንዛ እንዴት ካርትራይት ይሆናል ብላችሁ አትድከሙ። ፈረንጅ አገር ሐኪም ቤት ተራ የጠበቀ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስሙ ውስጥ «ጸ» ወይም «ጨ» ያለበትማ አይጠየቅም። ማንም የማይነሳለት ስም ሲጠራ፣ «ይሄ እኔ ነኝ ማለት ነው» ብሎ ብድግ ማለት ለምዷል። ጆርጅ ይህ ልምድ አልነበረውም።

የኢሌን እና የኤግ ሮሉ ነገር ምን ነበር?

ኤግ ሮል አትክልትና ሥጋ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጠበስ ነው፤ የሳምቡሳ የሩቅ ዘመድ በሉት። ጄሪ ለኢሌን እንዲህ ይላታል፦ ወደዚያ ጠረጴዛ ሂጂ፣ ቃል ሳትተነፍሺ ከሳህናቸው አንድ ኤግ ሮል አንስተሽ ብይ፣ አፍሽን ጥረጊ፣ አመስግነሽ ተመለሺ፤ 50 ዶላር እሰጥሻለሁ። ኢሌን ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ ግን ወኔዋ ይከዳታል። ጥርሷን ገጥማ፣ እነ ጄሪ እንዳይሰሙ፣ ተመጋቢዎቹን «ብሩን እናካፍል» ትላቸዋለች። አዛውንቶቹ ምን እንደምታወራ አልገባቸውም። ጁሊያ ሉዊ ድሬይፈስ ለምን ትልቅ ኮሜዲያን እንደተባለች ለማወቅ ያቺን አንድ ደቂቃ ማየት ይበቃል።

ጉቦም ሞክረው ነበር። 20 ዶላር ለብሩስ «ለሻይ» መሆኑ ነው። ብሩስ ብሩን ይወስዳል። ከዚያ የሌላ ሰው ስም ይጠራል። ጉቦ መስጠትም ሙያ ይጠይቃል፤ እነዚህ ሦስቱ የላቸውም።

ሊያዩት የነበረው ፊልም እውነት አለ ወይስ የፈጠሩት ነው?

አለ። «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» ይባላል፤ ኤድ ዉድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያወጣው። በፊልም ታሪክ መጥፎው እየተባለ ስሙ የሚነሳ ነው። እንዲህ የሚጣደፉት የዓለምን መጥፎ ፊልም እንዳያመልጣቸው ነው።

ክሬመር የት ሄደ?

አልተጻፈም። የጄሪ ጎረቤት ክሬመር በመጀመሪያ የታሰበው ከሕንፃው የማይወጣ ሰው ሆኖ ነው። ምግብ ቤት መሄድ ከዚህ ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ ተዉት። ተዋናዩ ማይክል ሪቻርድስ በዚህ ከፍቶት ነበር። ይህ ክፍል ትልቅ ነገር እንደሚሆን ታይቶታል።

በሦስተኛው ሲዝን ደግሞ ጆርጅም ክሬመርም የሌሉበት አንድ ክፍል መጣ። ጄሰን አሌክሳንደር ለላሪ ዴቪድ ነገረው፤ ዳግም ከታሪኩ ልታወጣኝ ከፈለግክ ለዘላለሙ አውጣኝ ብሎ። ተኮራርፈው አልቀሩም፤ ጆርጅን እስከ መጨረሻው ተጫወተው።

የክሬመር ካሳ የተከፈለው በኦክቶበር 1991 ይመስለኛል። ያኔ አራቱም አንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መኪናቸው ጠፍቷቸው ሲንከራተቱ የሚያሳይ ክፍል ወጣ። የምግብ ቤቱ ታናሽ ወንድም ነው። ክሬመር የሚሸከመው ካርቶን ውስጥ እውነተኛ የአየር ማቀዝቀዣ ነበረበት፤ ሪቻርድስ ባዶ ካርቶን አልሸከምም አለ። መጨረሻ ላይ መኪናው እንዲነሳ ነበር የታቀደው። አልነሳም። የምታዩት ሳቅ የእውነት ነው።

የተቀረጸው ኒው ዮርክ ነው? ምግብ ቤቱን ሄጄ ማየት እችላለሁ?

አትችሉም። ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ሳይንፌልድ የሚቀረጸው ሎስ አንጀለስ ነበር። ሐሳቡ ራሱ የመጣው እዚያው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ላሪ ዴቪድ እና ጄሪ የቻይና ምግብ ቤት ቆመው ጠረጴዛ ሲጠብቁ።

ኒው ዮርክ ከሄዳችሁ ግን ጓደኛሞቹ በሌሎቹ ክፍሎች ቡና የሚጠጡበትን ቤት ውጪውን ማየት ትችላላችሁ። ብሮድዌይ እና 112ኛ ጎዳና ጥግ ላይ ያለው ቶምስ ሬስቶራንት ነው። ፎቶ የሚነሳ ቱሪስት አይጠፋበትም።

ብሩስን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ። ማን ነው?

ጄምስ ሆንግ ናቸው፤ ያላያችሁበት ቦታ ነው የሚከብደው። በ1982 «ብሌድ ራነር» ውስጥ ዓይን የሚሠሩት ሰውዬ ናቸው። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ድምፃቸውን ታውቁታላችሁ፤ «ኩንግ ፉ ፓንዳ» ላይ ኑድል የሚሸጠው የፖ አባት፣ ዝይ የሆነው። በ2022 «ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ» ላይ አያት ሆነው መጡ። በዚያው ዓመት፣ በ93 ዓመታቸው፣ ሆሊውድ ጎዳና ላይ ኮከብ ተሰጣቸው። ይህን ሁሉ ሠርተው አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው «ካርትራይት!» ብለው ስለጮኹ ነው።

ከፍሬንድስ የተቀዳ ነው የሚሉት እውነት ነው?

ዘመኑን ቁጠሩት። ሌላው የአሜሪካ ሲትኮም ፍሬንድስ የጀመረው በ1994 ነው። ስድስቱ ጓደኛሞች ለግብዣ መልበስ አቅቷቸው አንድ ቤት ውስጥ የሚጨቃጨቁበት፣ ሮስ ሰዓቱን እያየ የሚያብድበት ክፍል በ1996 መጣ። እሱም ደቂቃ ሳይዘል የሚሄድ ነው። ግሩም ነው፣ እወደዋለሁ። ግን የቻይና ምግብ ቤቱ አምስት ዓመት ቀድሞታል።

ልዩነታቸውም አለ። እነ ሮስ በመጨረሻ ይለብሳሉ፣ ይሄዳሉ። እነ ጄሪ አይበሉም።

ኤንቢሲ ይህን ክፍል እንዳይታይ ሞክሯል የሚባለው እውነት ነው?

እንዳይታይ ማለት ይከብዳል፤ ግን አልወደዱትም። ስክሪፕቱ ሲደርሳቸው ግራ ገባቸው። ዋረን ሊትልፊልድ የተባለው የጣቢያው ኃላፊ ገጽ የጎደለ መስሎት ነበር። ሰዎች ገቡ፣ ቆሙ፣ ወጡ። ታሪኩስ? በዚያ ጊዜ የተለመደው ሲትኮም ሌላ ነው። ችግር ይነሳል፣ ይሯሯጣሉ፣ ማስታወቂያ ይገባል፣ ችግሩ ይፈታል፣ ይተቃቀፋሉ። ላሪ ዴቪድ ደግሞ «መተቃቀፍ የለም፣ ትምህርት የለም» የሚል ሕግ ነበረው።

ላሪ ዴቪድ አልቀይርም አለ። ከተገደድኩ ሥራውን ለቅቄ እሄዳለሁ አለ። ጄሪ ከጎኑ ቆመ። ዛሬ ላይ ሆናችሁ ስትሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ግን ያኔ ሳይንፌልድ ገና ስም ያላወጣ፣ ነገ ቢዘጋ ብዙ ሰው የማያለቅስለት ፕሮግራም ነበር። ማስፈራሪያው ባዶ ኪስ ይዞ ቁማር እንደመቀመጥ ነው።

ጣቢያው በመጨረሻ «እሺ ሥሩት» አለ። ግን ማሳየቱን አዘገየው፤ ሲዝኑ ሊያልቅ ሲል ነው የወጣው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1993፣ ሳይንፌልድ የዓመቱ ምርጥ ኮሜዲ ተብሎ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደ። በ1998 የመጨረሻውን ክፍል 76 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ ቁጭ ብሎ አየው።

ታዲያ «ስለ ምንም ነገር» የሚባለው ድራማ ይህ ነው?

አባባሉ የመጣው ከራሱ ከሲትኮሙ ነው፤ በአራተኛው ሲዝን ጄሪ እና ጆርጅ ለቴሌቪዥን ጣቢያ «ስለ ምንም» የሆነ ፕሮግራም ሊሸጡ ይሞክራሉ። መጀመሪያ ለኤንቢሲ የቀረበው እውነተኛ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፤ አንድ ኮሜዲያን ቀልዱን ከየት እንደሚያገኝ ማሳየት።

እኔ «ስለ ምንም» ሲባል አይመቸኝም። ይህ ክፍል ስለ መጠበቅ ነው። ደጅ የጠና ሕዝብ መጠበቅን «ምንም» አይለውም። ብሩስ «ዛሬ ቦታ የለም» ቢላቸው ኖሮ በሁለት ደቂቃ ወጥተው በርገር ይበሉ ነበር። «አምስት፣ አስር ደቂቃ» ሲባል ግን እግር ይታሰራል። አምስት ከጠበቅክ፣ አምስቱን ላለማቃጠል ሌላ አምስት ትጨምራለህ። ከዚያ ደግሞ አስሩን ላለማቃጠል። «ነገ ተመለስ» ለተባለ ሰው ይህን ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አየሁት፤ አላሳቀኝም። ምን አመለጠኝ?

ምናልባት ምንም። ቀልዱ ቀስ ብሎ ነው የሚፈላው፤ ስልክ እየነካካችሁ ካያችሁት ያልፋችኋል። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ከፊት የሚያወሩትን ተዉና ከጀርባ ያለውን በር እዩ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ተጠራ። እንደነሱ መቁጠርና መናደድ ስትጀምሩ ይይዛችኋል።

ርቧችሁ እዩት። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ዛሬ በሞባይል ዘመን ይህ ታሪክ ይሠራል?

የጆርጅ ግማሽ አይሠራም። ታቲያናን መኪና ውስጥ ሆኖ ይደውልላታል፣ ካርትራይትም አይወለድም። የሚገርማችሁ፣ ኒው ዮርክ ከተማ የመጨረሻውን የሕዝብ የሳንቲም ስልክ የነቀለችው ሜይ 23 ቀን 2022 ነው። ይህ ክፍል ከታየ ልክ 31 ዓመቱ፣ በዕለቱ። ማንም አስቦበት አይመስለኝም፤ ግን ጆርጅ ቢሰማ «አሁን ነው የምትነቅሉት?» ይል ነበር።

ሌላው ግማሽ ግን በደንብ ይሠራል። የጄሪ ውሸት ዛሬ የባሰ ነው የሚጋለጠው፤ ልጅቷ ሰላም ሳትለውም ፎቶው ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ይደርሳል። «አምስት፣ አስር ደቂቃ»ም አልሞተም። «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» ሆኖ ስልካችን ውስጥ ገብቷል።

ብሩስ በቻይናውያን ላይ መቀለድ አይደለም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ብሩስ እንግሊዝኛውን በቻይና ቅላፄ ነው የሚናገረው፣ ስም ያበላሻል፣ ጆርጅን ያበሳጫል። ጄምስ ሆንግ ራሳቸው የተወለዱት ሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ ነው። ቅላፄው ለሥራ የመጣ ነው። በዚያ ዘመን ሆሊውድ ለእስያ ዝርያ ተዋናይ የሚሰጠው ብዙው ሥራ እንዲህ ያለ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ግን ማን ላይ ነው የምንስቀው? ብሩስ ሥራውን ነው የሚሠራው። አይጮህም፣ አይሳደብም፣ አይቸኩልም። እሱ መዝገብ ይዞ በተረጋጋበት ክፍል ውስጥ ሦስት ጥጋበኛ የማንሃተን ሰዎች በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጉቦ ይሰጣሉ፣ የሰው ምግብ ላይ ይወራረዳሉ፣ ስለ ሥልጣኔ ይጮኻሉ። እኔ መጀመሪያ ሳየው ብሩስን ጠምጄው ነበር። በሦስተኛው ከእሱ ጋር ወገንኩ። ያም ሆኖ ቅላፄው የሚቆረቁራቸው ሰዎች ተሳስተዋል አልልም።

በመጨረሻ ተጠሩ ወይስ አልተጠሩም?

ተጠርተዋል። ተስፋ ቆርጠው ይወጣሉ፣ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ብሩስ መዝገቡን ያይና «ሳይንፌልድ፣ አራት!» ብሎ ይጣራል (አራተኛዋ ታቲያና መሆኗ ነው)።

ይህን ጥያቄ የሚያመጡልኝ ሰዎች፣ ጠይቄ እንዳረጋገጥኩት፣ ሦስቱ ከበሩ ሲወጡ «አለቀ» ብለው የዘጉት ናቸው። መልሳችሁ ክፈቱት። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚቀረው።